የሬስሊንግ አወዳደቅ ትያትር ነውን ወይስ እውነተኛ አደጋ?

በፎገራ ሜዳ የሩዝ አጨዳ አልቆ ጭዱ በየአውድማው ዳር በሚከመርበት በታኅሣሥ ወር፥ አንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ከክምሩ ጫፍ ላይ ቆሞ እጆቹን ዘረጋና ከታች ተንጋሎ በሚጠብቀው ባልንጀራው ላይ ዘለለ። ባልንጀራው አስቀድመው እንደ ተነጋገሩት ተንከባሎ ገለል አለ፤ ዘላዩ ግን ጭድ በሌለበት፥ ደርቆ በተሰነጣጠቀው ጥቁር መሬት ላይ በትከሻው ወደቀና አጥንቱ ተሰበረ። ወጌሻ አሰረለት፤ በማግሥቱም አባቱ ወደ ሐኪም ወሰደው።

በሁለቱ ልጆች መካከል ጠብ አልነበረም። በቴሌቪዥንና በስልክ ያዩትን፥ ሬስሊንግ የሚባለውን የፈረንጆች ትግል መምሰላቸው ነበር። ይህንንም የምንጽፈው ልጁን ለመውቀስ አይደለም፤ ከጥፋቱ የሚበዛው የእኛ ነውና። አደጋው ከመድረሱ ጥቂት ቀናት በፊት ተማሮቹ በክፍል ውስጥ ሁለት ወገን ሆነው ይከራከሩ ነበር። እኩሌቶቹ «እውነት ነው፥ ደም ሲፈስ አይተናል» ሲሉ፥ እኩሌቶቹ «ተነጋግረው የሚያደርጉት ውሸት ነው» ይሉ ነበር። ዳኝነቱ ወደ እኛ በመጣ ጊዜ፥ ነገሩን ሳንመረምር፥ ዐዋቂ መስሎ ለመታየትም ጭምር፥ «ሁሉም ትያትር ነው፤ ማንም አይጐዳም» ብለን ፈረድን። ልጁም የመምህሩን ቃል አመነ።

ከዚህ በኋላ ነገሩን ደኅና አድርጎ መመርመር ግድ ሆነብን።

ክርክሩ በልጆቻችን ዘንድ የጸናው ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ አገር ትግል ማለት ትግል ነው። እረኞች በግጦሹ ሜዳ ሲታገሉ፥ ጠልፎ የጣለው ጥሏል፤ ጀርባው መሬት የነካውም ተሸንፏል፤ ማን እንደሚወድቅ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። በገና ጨዋታም ጌታና ሎሌ እኩል ስለሆኑ፥ ቅልጥሙን የተመታ ጌታ ቢያመውም አይቆጣም። በዚህ ልማድ ያደገ ልጅ፥ አሸናፊው ከጨዋታው በፊት በጽሕፈት ቤት የሚወሰንበት ትግል አለ ቢሉት እንዴት ይግባው?

ይሁን እንጂ በውነቱ ነገሩ እንዲሁ ነው። የጥንቶቹ የአሜሪካ ታጋዮች ይህን እንደ ሙያ ምስጢር ይጠብቁት ነበር፤ ምስጢሩንም በራሳቸው ቋንቋ «ኬይፌብ» ይሉታል። በመድረክ ላይ ባላንጣ የሆኑ ሁለት ሰዎች ከመድረክ ውጭ በአንድ ማዕድ ሲበሉ መታየት አይገባቸውም ነበር። በየካቲት ወር 1981 ዓ.ም. ግን፥ ያን ጊዜ ደብልዩ ደብልዩ ኤፍ ዛሬ ደግሞ ደብልዩ ደብልዩ ኢ የሚባለው ትልቁ ድርጅት፥ ጨዋታው የስፖርት ውድድር ሳይሆን ለመዝናኛ የተሰናዳ ትርኢት መሆኑን ለኒው ጀርሲ ግዛት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ራሱ ገለጸ። ይህንንም ያደረገው እውነትን ወድዶ አይመስለንም፤ እንደ ቦክስ ካሉት ውድድሮች ጋራ ተቈጥሮ የሚደርስበትን ቍጥጥርና ግብር ለማራቅ ነበር።

እንግዲህ «ትያትር ነው» ብለን የፈረድነው በዚህ በኩል ትክክል ነበር። የተሳሳትነው «ማንም አይጐዳም» ባልነው ላይ ነው። መድረኩ ከሩቅ ሲታይ ፍራሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በብረት ላይ የተረበረበ ሳንቃ ነው፤ በሳንቃው ላይ ስስ ስፖንጅ፥ በስፖንጁም ላይ ሸራ ተወጥሯል። የሚወድቀው ሰው አገጩን ወደ ደረቱ ይሰበስባል፤ እስትንፋሱን ያወጣል፤ ክብደቱንም በጀርባው ስፋት ላይ አከፋፍሎ በክንዱ ሳንቃውን ይመታል። ያ ታላቅ ድምፅ የሚሰማው ስለዚህ ነው። ተማሮቻችን ስላዩት ደምም ጠይቀን ተረድተናል፤ ብዙ ጊዜ ታጋዩ በእጁ መጠቅለያ ውስጥ በሸሸገው የምላጭ ስባሪ ግንባሩን ራሱ ይበጣዋል። ማፍሰሱ ታስቦበት ነው፤ ደሙ ግን የሰው ደም ነው።

የታቀደውና ያልታቀደው በአንድ ሌሊት በአንድ ሰው ላይ የደረሱበትም ጊዜ አለ። ሰኔ 21 ቀን 1990 ዓ.ም. በፒትስበርግ ከተማ ሚክ ፎሊ የተባለው ታጋይ አንደርቴከር ከሚባለው ባላንጣው ጋራ አምስት ሜትር ያህል ከፍታ ባለው የሽቦ ቤት ጣሪያ ላይ ወጣ። አንደርቴከር ከዚያ ከፍታ ወርውሮ በታች ባለ ጠረጴዛ ላይ ጣለው። ይህ የተነጋገሩበት ነበር። ፎሊ ተነሥቶ እንደ ገና ጣሪያው ላይ ወጣ፤ ባላንጣውም አንገቱን ይዞ አንሥቶ በጣሪያው ላይ ቢያሳርፈው፥ ሽቦው ተበጠሰና ሰውዬው ወደ መድረኩ ወረደ፤ ወንበርም ተከትሎት ፊቱን መታው፤ ጥርሱ ተሰበረ። ይህን ሁለተኛውን ያሰበው አልነበረም። ለተመልካቹ ግን ሁለቱም አወዳደቆች አንድ ናቸው፤ እንዲያውም የታቀደው ከፍታው ስለሚበልጥ ይልቁን እሱ አደጋ ይመስላል። የሚያስደንቀው ደግሞ ፎሊ ከዚህ በኋላ ተነሥቶ ጨዋታውን እስከ ፍጻሜው መቀጠሉ ነው።

በሚከተለው ዓመት፥ ግንቦት 15 ቀን 1991 ዓ.ም. በካንሳስ ሲቲ የሆነው ከዚህ የከፋ ነው። ኦወን ሃርት የሚባለው የ34 ዓመት ታጋይ ለትርኢቱ ማማር ከአዳራሹ ጣሪያ በገመድ እንዲወርድ ተወስኖ ሳለ፥ የታሰረበት መቈለፊያ ተፈትቶ 24 ሜትር ያህል ወደቀና ሞተ። በአዳራሹ ከነበሩት ብዙዎች የትርኢቱ ክፍል መስሏቸው ነበር። ከትርኢቱ ጋራ የሚሄደውን ነገር በቴሌቪዥን የሚተርከው ጂም ሮስ፥ ይህ የመዝናኛው ክፍል አይደለም እያለ ደጋግሞ ለመናገር ተገደደ። ሥራው ትያትሩን እውነት ማስመሰል የሆነ ሰው፥ በዚያች ሌሊት እውነቱን ለማሳመን ደከመ። ትርኢቱም ጥቂት ቆሞ እንደ ገና ቀጠለ፤ ይህን ስናነብ ከመጽሐፋችን ቀና ብለን ዝም አልን። ድርጅቱ ከአንድ ዓመት ተኩል ያህል በኋላ ለሟቹ ቤተ ሰብ 18 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ክርክሩ አበቃ።

ከሁሉም ይልቅ የቤተ ሰብን ነገር ለሚያስብ ሰው የሚከብደው ሌላ ነው። ኦወን ሃርት ከመሞቱ አራት ወር ቀደም ብሎ፥ ጥር 16 ቀን 1991 ዓ.ም. ያው ሚክ ፎሊ በካሊፎርኒያ ዘ ሮክ ከሚባለው ታጋይ ጋራ ገጠመ፤ ሚስቱና ልጆቹም ከመድረኩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ልጆቹ እንዳይደነግጡ አስቀድሞ ጨዋታ መሆኑ ተነግሯቸዋል፤ አባታቸውን የሚመታው ሰው ወዳጁ መሆኑንም አይተዋል። በጨዋታው መካከል ግን እጆቹ ወደ ኋላ በካቴና ታስረው ሳለ ዘ ሮክ በብረት ወንበር ራሱን ይመታው ጀመር፤ የምቱም ቍጥር ከተስማሙበት አለፈ። ልጆቹ ጮኹ፤ እናታቸውም እያለቀሱ ይዛቸው ወጣች። ይህ ሁሉ «ቢዮንድ ዘ ማት» በሚባል ፊልም ተቀርጾ ይገኛል፤ ፎሊም በመድረክ ላይ ሳለ ያላየውን የልጆቹን ልቅሶ ኋላ በፊልሙ አይቶ እጅግ አፈረ። እነዚያ ልጆች ጨዋታ መሆኑን ከማንም ይልቅ የሚያውቁ ነበሩ፤ ከአባታቸው አፍ ሰምተውታልና።

ይህን ከተረዳን በኋላ ወደ ክፍላችን ተመልሰን ፍርዳችንን አፈረስን። «ማን እንደሚያሸንፍ ተስማምተዋል፤ መሬቱ ግን አልተስማማም» ብለን ብንነግራቸው ሳቁ። ትከሻው የታሰረው ልጅም በኋላኛው ወንበር ሆኖ አብሮ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ስላመመው ቶሎ ተወው።

በዚያው ዓመት በጥምቀት፥ ታቦቱ ከገባ በኋላ ፈረሰኞች ጉግስ ሲጫወቱ ልጁ ከአጠገባችን ቆሞ ይመለከት ነበር፤ እጁ ገና በነጠላ ቅዳጅ ታንጠልጥሏል። አባራሪው ዘንጉን ሲወረውር፥ የሚሸሸው ዞሮ በጋሻው ሲመክት፥ ሕዝቡም እልል ሲል፥ አንዱ ፈረስ ተሰናከለና ጋላቢው በግንባሩ ተደፋ። አቧራው ሸፈነው።

«የኔታ፥ ይህስ ተነጋግረው ነው?» አለን።

«ቆይ፤ መነሣቱን እንይ» አልነው።