አንድ እንቁላል ስንት መኖ በላ?

አንዲት ዶሮ አርቢ እናት ደብተሩን የሰጠችኝ በሁለት እጇ ነው። የልጇ የሂሳብ ደብተር ነው፤ ከኋላ በኩል ባዶ የቀሩትን ገጾች ለዶሮዎቿ አድርጋቸዋለች። «38 ሸጥኩ፤ 41 ሸጥኩ፤ 12 በዱቤ» እያለ ሦስት ገጽ ይሄዳል። ያወጣችው ብር ግን የትም አልተጻፈም። «ዶክተር፣ ይኼ ሁሉ ገንዘብ የት ገባ?» አለችኝ። እኔ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ነኝ፤ ግልገል በለስ ላይ ክትባት ይዞ የሚመጣውን ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠሩት።

50 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሏት። በ2013 ዓ.ም. በመተከል ግጭት ቤቷን ጥላ ወጥታ ቻግኒ አጠገብ ራንች በሚባለው መጠለያ ከርማለች። ስትመለስ ግቢው ባዶ ነበር። ዶሮዎቹ የተገዙት በእቁብ ብር ነው። ስለዚህ ጥያቄዋን «ኧረ ትርፍ አለው፣ በርቺ» ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

«በብር አናስላው እህቴ፣ ብሩ በየገበያው ይለዋወጣል። በእንቁላል እናስላው» አልኳት። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም ገደማ መኖ ትበላለች፤ 50ው ዶሮ 6 ኪሎ ማለት ነው። 40 እንቁላል የተለቀመ ቀን እያንዳንዱ እንቁላል 150 ግራም መኖ በልቷል። 25 ብቻ የተለቀመ ቀን 240 ግራም። አሁን አንድ ኪሎ መኖ በአራት እንቁላል ዋጋ የሚገዛ ነው እንበል። የቀኑ መኖ 24 እንቁላል ወሰደ። ከ40ው 16 ይተርፋታል፤ ከ25ቱ የሚተርፋት አንድ እንቁላል ነው። እሷ ግን ሁለቱንም ቀን «ሸጥኩ» ብላ ነው የጻፈችው።

ደብተሩን ተቀብላኝ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችው።

ይኼ ገና የዕለቱ ወጪ ነው። ዶሮዋ የመጀመሪያዋን እንቁላል ከመጣሏ በፊት አምስት ወር ያህል ስትበላ ቆይታለች፤ 8 ኪሎ ገደማ። በዕድሜዋ 250 እንቁላል ብትጥል፣ ያ የቄብነት መኖዋ በእያንዳንዱ እንቁላል ላይ 32 ግራም ይጨምራል። የሁለት ወር ጫጩት ከአሳዳጊ የገዛ ሰው ከዚያ ውስጥ የተወሰነውን በግዢው ዋጋ ከፍሎታል። ከ50ው አሥሩ ከሞቱ ደግሞ የሃምሳውን ዕዳ አርባው ይሸከሙታል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በየሌማት ትሩፋት መርሃ ግብር ብዙ ጫጩት ለሰው ደርሷል፤ እኛ ባለሙያዎች በሪፖርታችን የምንጽፈው ግን የታደለውን ቁጥር ነው። በስድስተኛው ወር በቆጡ ላይ ስንት እንደቀረ ብንጽፍ ሥራችን ይለወጥ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሞትን ካነሳሁ አይቀር የራሴን ጥፋት ልናገር። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የፈንግል ክትባት ይዤ አንድ ቀበሌ ገባሁ። ማታውን መብራት ጠፍቶ ክትባቱ ሞቆ እንዳደረ አውቃለሁ። ሰው ተሰብስቦ ሲጠብቀኝ ግን «አይሆንም» ብሎ መመለስ አፈርኩ፤ ሰጠሁት። ወር ሳይሞላ ተጠራሁ። ዶሮዎቹ አንገታቸው ተጠማዝዞ፣ አረንጓዴ እያስቀመጣቸው ነበር። አንዲት አሮጊት ምንም አላሉኝም፤ የሞቱትን በጆንያ አድርገው አሳዩኝ። አሁን የምይዘው ቢሾፍቱ የሚመረተውን፣ ሙቀት የሚችለውን የዓይን ጠብታ ነው፤ በአንድ ዶሮ አንድ ጠብታ፣ በየሦስት ወይ አራት ወሩ። ቢሆንም መሞቁን የተጠራጠርኩትን ክትባት ይዤ እመለሳለሁ።

መኖ ለማርከስ ሰው ሁሉ ቤቱ ይቀላቅላል፤ እኔም አልቃወምም። በቆሎና ማሽላ አለን፣ የኑግ ፋጉሎ አለን፣ ፓዌ አጠገባችን አኩሪ አተር ያመርታል። አኩሪ አተሩ ግን መታመስ አለበት። ጥሬው ውስጥ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር ስላለ ዶሮዋ በልታም ትራባለች። የሻገተ ለውዝና በቆሎ ደግሞ በነጻም ቢመጣ አይሰጥም፤ መርዙ ጉበቷን ነው የሚበላው።

የእኛ ቆላ የሚያመጣው ወጪ ደግሞ አለ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ዶሮ አፏን ከፍታ ስታለከልክ፣ ለቅርፊት መሥሪያ የሚሆናትን ከትንፋሿ ጋር ታወጣዋለች። ቅርፊቱ ይሳሳና እንቁላሉ ገና ትሪ ላይ ሳይደርስ ይሰነጠቃል። መኖውን በማለዳና በማታ መስጠት፣ ውኃውን ከጥላ ሥር ማድረግ ይረዳል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቤቱ ነው። ቀርከሃ ሞልቶ በተረፈበት አገር የዶሮ ቤት በቆርቆሮ ሲዘጋ ሳይ ያንገበግበኛል። የቀርከሃ ግድግዳና የሣር ክዳን ርካሽ ነው፣ ነፋስም ያስገባል።

ስለ አውራ ዶሮ ብዙ ሰው አያምነኝም። ያቺው እናት ደንበኛዋ የሆኑ የቁርስ ቤት ባለቤት ጋ ይዛኝ ሄደች፤ «እንቁላልሽ ተበላሽቷል» ተብላ ነበር። እትዬ አንድ እንቁላል አንስተው ሳህን ላይ ሰበሩ። አስኳሉ ላይ ቀጭን የደም ቀለበት ተሠርቷል። እንቁላሉ ትኩስ ነው፣ አልገማም፤ በአራት ቀን ውስጥ የተለቀመ ነው። «እትዬ፣ ይኼ ጫጩት ሊሆን የጀመረ ነው» አልኳቸው። አውራ ያለበት እንቁላል በእኛ ሙቀት ከእናቱ ሥር ሳይገባም መለወጥ ይጀምራል። ዶሮ ግን አውራ ባይኖርም ትጥላለች። አውራውን በዚያው ሳምንት ሸጠችው። ሴትዮዋም ተመልሰው መግዛት ጀመሩ፤ እስካሁን ግን አንዱን እየሰበሩ ያያሉ፤ ይገባቸዋል።

ኩስ የነካውን እንቁላል አጥቦ መሸጥም ጥንቃቄ ይመስላል። አሜሪካ ያጥባሉ፤ ግን ወዲያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባል። አውሮፓ አንደኛ ደረጃ ተብሎ የሚሸጥ እንቁላል እንዲታጠብ አይፈቅድም፤ ቅርፊቱን የሸፈነው ስስ ልባስ ከለቀቀ ተሕዋስያን በቀዳዳዎቹ ይገባሉና። ማቀዝቀዣ ለሌለው የሚበጀው የአውሮፓው ነው፦ ጉዝጓዙን ቶሎ መቀየር፣ በቀን ሁለት ሦስቴ መልቀም፣ የቆሸሸውን ለቤት ማድረግ።

በጣም የምጨነቅበት ሕግ የመድኃኒቱ ነው። ዶሮ ባስነጠሰች ቁጥር ኦክሲቴትራሳይክሊን በውኃ ይበጠበጣል፤ እንቁላሉም ያለ ክፍተት ይሸጣል። ማሸጊያው ላይ ግን እንቁላሉ የማይበላባቸው ቀናት ተጽፈዋል። ሰባት ቀን የሚል ከሆነ ለዚህች እናት ያ 280 እንቁላል ነው። «ልጣለው?» ብላ ስትጠይቀኝ ድምፄ ዝቅ ብሎ ነው «አዎ» ያልኳት፤ መኖው በእነዚያ ቀናትም 6 ኪሎ እንደሆነ አውቃለሁና። ግን ያን እንቁላል የሚበላው የጎረቤት ልጅ ነው። በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት መስጠት ውድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ዶሮ በአንዴ ከሞተ ደግሞ የታመሙትን ወደ ገበያ ማሯሯጥ ሳይሆን ለባለሙያ መንገር ነው፤ ከ1994ቱ አዋጅ ቁጥር 267 ጀምሮ ወረርሽኝን ማሳወቅ በሕግ የተጣለ ግዴታ ነው።

«ንግድ ፈቃድስ?» የሚሉኝ አሉ። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ከሚያርሰው መሬት ያገኘውን የሚሸጥን ገበሬ ነጋዴ አይለውም ነበር፤ ያ የሕጉ ክፍል በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ተተክቷል። እኔ የምመክረው የሌላ ሰው እንቁላል እየሰበሰቡ መሸጥ ከመጀመራቸው በፊት የወረዳውን ንግድ ጽሕፈት ቤት በአካል ሄደው እንዲጠይቁ ነው።

የቀረው ጾሙ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ዶሮ ግን አትጾምም። እንቁላሉን ለፋሲካ ማከማቸት በእኛ ሙቀት አይታሰብም። በጾሙ ወቅት የሚገዙት ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ጎረቤቶች ናቸው፤ እነሱን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። የሁለት ወር ጫጩት በታኅሣሥ የገባለት ሰው ደግሞ ጾሙን በቄቦች ያሳልፈዋል፤ እንቁላሉ ከፋሲካ ጋር አብሮ ይመጣል። ያረጁት በዚያው ሳምንት ለወጥ ይሸጣሉ።

ባለፈው በሕማማት ማታ ከዚያችው እናት ጋር በባትሪ ዶሮ ቤቷ ገባን። ዶሮዎቹ ቆጡ ላይ ተደርድረዋል። አንዷን አንስቼ ከጭራዋ ሥር ያሉትን ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች አስነካኋት፤ ሦስት ጣት ገባ። «ይቺ ትጥላለች፤ ትቆይ።» ቀጣይዋን ራሷ አነሳች። አንድ ጣት ብቻ። ትንሽ አመነታች፤ ከራንች ከተመለሰች በኋላ መጀመሪያ ከገዛቻቸው አንዷ ነበረች። ከዚያ ቅርጫቱን በእግሯ ሳብ አድርጋ አስገባቻት፤ ልጇ ደብተሩ ላይ «1» ብሎ ጻፈ።