የሰዓት ደንብ ሲለወጥ በቤት ውስጥ ስለሚደረግ ጥንቃቄ

ሰዓት የቤት ሥርዓት መሠረት ነው። በአገራችን ሰዓት በየዓመቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለማይገፋ፤ ነገሩ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው። ልጆቻቸውና ዘመዶቻቸው በአሜሪካ ለሚኖሩ ቤተ ሰቦች ግን የሚጠቅም ስለ ሆነ ጥቂት ልንገልጽ ወደድን።

በአብዛኛው የአሜሪካ ግዛት የማታው ብርሃን እንዲረዝም፤ በጸደይ በአንድ እሑድ፤ በኛ አቈጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ሰዓቱን 9 ያደርጉታል፤ በመከርም ይመልሱታል። ይህ ቀድሞ ከአፕሪል የመጀመሪያ እሑድ እስከ ኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ነበር። ነገር ግን ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. በፈረሙት ስለ ኃይል አጠቃቀም በወጣው ሕግ፤ ከ2007 ጀምሮ ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ሆነ።

የግድግዳን ሰዓት ባለቤቱ በእጁ ያስተካክለዋል። ኮምፒዩተር ግን ደንቡ በውስጡ ተጽፎ ስለሚሠራ፤ አሮጌውን ደንብ ይዞ የቀረ እንደ ሆነ ደቂቃውን ሳይስት ሰውን ያሳስታል። በ2007 እንዲህ ያለው መኪና ከማርች 11 እስከ አፕሪል 1፤ ደግሞም በመከር አንድ ሳምንት፤ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀር ነበር። አሮጌው ደንብ ከፋብሪካ የተቀረጸበት የራስጌ ሰዓትማ በአሮጌው ቀን ራሱን ስለሚለውጥ፤ ባለቤቱ በዓመት 4 ጊዜ በእጁ ማረም ግድ ሆነበት።

የማይክሮሶፍት ኩባንያ ለዊንዶውስ ኤክስፒ ማሻሻያ አደለ፤ ዊንዶውስ ቪስታም አዲሱን ደንብ ይዞ ወጣ። ለቀደመው ለዊንዶውስ 2000 ግን ለሁሉ የሚታደል ማሻሻያ ስላልነበረ፤ ብዙዎች ደንቡን ራሳቸው መለወጥ አስፈለጋቸው። ከማሻሻያው በፊት የተመዘገበ ቀጠሮም በነዚያ ሳምንቶች በአንድ ሰዓት ሊዛባ ይችል ነበር።

ጕዳቱ እስከኛ ቤት ይደርሳል። ከአዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት የምትደውል እናት፤ በዋሺንግተን ያለውን ልጅዋን በክረምታቸው ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ ታገኘዋለች። ሰዓቱ ከተገፋ በኋላ ግን በዚያ 2 ሰዓት ስለሚሆን፤ ወደ ሥራው ሄዶ ድምፁን ሳትሰማ ትቀራለች።

ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን፤

1ኛ፤ ለውጡ ከመድረሱ በፊት የኮምፒዩተሩንና የእጅ ስልኩን ማሻሻያ መቀበል።

2ኛ፤ የሰዓቱ ክልል በትክክል የተመረጠ መሆኑን መመልከት፤ ሰዓቱን ብቻ በእጅ ወደ ፊት መግፋት የቀጠሮውን መዝገብ ያበላሻልና።

3ኛ፤ የሐኪምንና የጕዞን ቀጠሮ በወረቀት ጽፎ የየትኛው ከተማ ሰዓት እንደ ሆነ ማመልከት።

4ኛ፤ በማግሥቱ ጧት የቤቱን ሰዓቶች ሁሉ እርስ በርሳቸው ማስተያየት።

በ2022 የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የተገፋው ሰዓት ዓመቱን ሙሉ እንዲጸና ቢወስንም፤ የሕግ መምሪያው ምክር ቤት ድምፅ ሳይሰጥበት ቀርቷል። ደንብን የሚያወጣው ሰው ነውና፤ ሰው ሊለውጠውም ይችላል። መኪና ለውጡን የሚያውቀው የነገሩት እንደ ሆነ ብቻ ነው፤ መንገሩም የባለቤቱ ፈንታ ነው።