የጓሮ ጽጌረዳ ግርዘትና እንክብካቤ

ደጋግሞ የሚያብብ ጽጌረዳ አበባ የሚሰጠው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ነው። ካልተገረዘ እንጨቱ ይበዛል፣ አበባው ያንሳል፤ ውስጡ ስለሚታፈንም ለበሽታ ይጋለጣል።

1. ጊዜ፦ ክረምቱ እንዳለፈ በጥቅምት ይግረዙ። ውርጭ በሚያጠቃው ደጋ ግን ለጋው ቀንበጥ እንዳይመታ ውርጩ እስኪያልፍ ይጠብቁ።

2. አቆራረጥ፦ በተሳለና በጸዳ የመግረዣ መቀስ አስቀድመው የደረቀውን፣ የታመመውንና እርስ በርሱ የሚፋተገውን ቅርንጫፍ ያስወግዱ። የቀረውን ቁመቱን በሲሶ ይቀንሱ። ወደ ውጭ ከዞረ ዓይን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው በሰያፍ ይቁረጡ።

3. የተዳቀለ ከሆነ፦ ከተዳቀለበት ቦታ በታች የሚበቅለው ቀንበጥ ተክሉን ስለሚሻማ ከመነሻው ይንቀሉ።

4. እንክብካቤ፦ ኮምፖስት ይጨምሩ። ጠዋት ከሥሩ ያጠጡ፤ ቅጠሉ አይርጠብ። ጥቁር ነጠብጣብ የታየበትን ቅጠል ለቅመው ያቃጥሉ።

በአብዛኛው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ያብባል፤ ለበዓል ገበያ የሚያቀርቡ ከሆነ ቀኑን ወደ ኋላ ቆጥረው ይግረዙ።