የሽመላዋ ስም ከየት መጣ?

ሩማኒያ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ኳስ ነው፤ ሃጂና ስቴዋ ቡካሬስት። እኔም ለክፍል ሥራ «ቡካሬስት የሚለው ስም የጥንት ዳኪያውያን ነው» የሚል ርዕስ ሰጥቼ ጽፌ አስረከብኩ። መምህራችን ከርዕሱ ሥር በቀይ «ማን ነገረህ?» ብለው መለሱልኝ። እናላችሁ፣ እንደገና ማንበብ ጀመርኩ።

ሩማንኛ የላቲን ልጅ ነው። ሮማውያን በትራያን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ106፣ ዳኪያን ያዙ። ከዚያ በፊት የነበሩት ዳኪያውያን በቋንቋቸው ረዘም ያለ ጽሑፍ አልተዉልንም። የተረፈው የሰውና የቦታ ስም፣ እንዲሁም በግሪካዊው ሐኪም በዲዮስኮሪደስ መጽሐፍ የሰፈሩ የዕፅዋት ስሞች ናቸው።

ታዲያ ያለ ጽሑፍ እንዴት ይታወቃል? አጥኚዎቹ የሚዞሩት ወደ አልባንኛ ነው። በሩማንኛ ሽመላ «ባርዘ» ትባላለች። አልባንኛ ውስጥ «ባርደ» ማለት ነጭ ነው፤ «ደ»ዋ ምላስ በጥርስ መሀል ገብቶ ነው የምትነገረው። ሽመላ ደግሞ ነጭ ወፍ ናት! አንድ ቃል ብቻ ቢሆን አጋጣሚ ነው ይባል ነበር። ግን አተር በሩማንኛ «ማዘሬ» ነው፤ በአልባንኛ «ሞዱል» የአተር ዘመድ የሆነ ተክል ነው። እዚህም ሩማንኛ «ዘ» ባለበት አልባንኛ ያቺኑ «ደ» ይላል። ማስረጃው መመሳሰሉ ሳይሆን ይሄ የድምፅ ሥርዓት ነው። ያም ሆኖ ቃሎቹ ከዳኪያውያን ይምጡ ከአልባንኛ አያት፣ ክርክሩ አልተዘጋም።

አሁን ወደ ስህተቴ ልመለስ። ቡካሬስት በአገሬው አፍ «ቡኩሬሽት» ነው፤ «የቡኩር ሰዎች» እንደማለት። አፈ ታሪኩ ቡኩርን እረኛ ያደርገዋል። «ቡኩር» በአልባንኛ ቆንጆ ማለት ነው፣ በሩማንኛም «ቡኩራ» ማስደሰት። ሥሩ ጥንታዊ ሊሆን ይችላል። የከተማዋ ስም ግን በጽሑፍ የታየው እ.ኤ.አ. በ1459፣ ድራኩላ በሚባለው በቭላድ ደብዳቤ ላይ ነው። እኔ የቃሉን ሥር ዕድሜ ለከተማዋ ስም ሰጥቼው ነበር።

በወንዞች ስም ነገሩ ይሻላል። የዛሬውን ሙሬሽ ወንዝ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን «ማሪስ» ብሎ ጽፎታል። ሮማውያን እዚያ ከመድረሳቸው በፊት ማለት ነው።

በጣም የወደድኩት «ብሪንዘ» የሚለውን የአይብ ስም ነበር። እሱን በተመለከተ ግን ምሁራኑ እስካሁን አልተስማሙም፤ እኔም ከሁለተኛው ጽሑፌ አወጣሁት።