የተሰወረ የጦር ሰፈርና ስለ እርሱ የሚናፈሰው ወሬ



በአንድ ስፍራ አጥር ታጥሮ ዘበኛ ሲቆምበት፥ በውስጡ ካለው ነገር ይልቅ ስለ እርሱ የሚወራው እንደሚበልጥ የታወቀ ነው። የጦር ሠራዊት ምሥጢሩን መጠበቁ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የተሰወረውን እውነት ከፈጠራው ወሬ ለይቶ ማወቅ፥ ይልቁንም በየመሥሪያ ቤቱ ሕዝብን ለምናገለግል ሁሉ፥ እጅግ ያስፈልጋል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነንን በአገው ምድር እናገኛለን። ጣሊያን በዳንግላና በእንጅባራ ምሽግ ይዞ በነበረበት ዘመን፥ በነሐሴ ወር 1932 ዓ. ም. በኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የሚመራ «ተልእኮ 101» የተባለ አነስተኛ ጓድ ከሱዳን ተሻግሮ ገባ። ዋና ሰፈሩንም ከጠላት ምሽጎች ብዙ ሳይርቅ በፋግታ አደረገ። በኅዳር ወር 1933 ዓ. ም. ኦርድ ዊንጌት በአውሮፕላን መጥቶ በተዘጋጀለት ጠባብ ሜዳ ላይ አረፈና ከሳንድፎርድ ጋር ተመካከረ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥር 12 ቀን 1933 ዓ. ም. በኦሜድላ በኩል ገብተው ወደ በላያ ተራራ አመሩ።

ይህ ሰፈር ከባላገሩ ዓይን የተሰወረ አልነበረም። የጓዱ ቀለብና መንገድ በአርበኞችና በአገሩ ሰው እጅ ነበር፤ ጠላት ሳንድፎርድን ቢያሳድደውም ሊይዘው ያልቻለው ስለዚህ ነው።

ኋላ የዘመተው የዊንጌት ጦር ወደ 2,000 ሰው የሚጠጋ ብቻ ነበረ። «የጌዴዎን ኃይል» መባሉም በመጽሐፈ መሳፍንት በ300 ሰው፥ በቀንደ መለከትና በችቦ ብዙውን ሠራዊት ስላስደነገጠው መስፍን ነው። የጣሊያን አዛዦችም የመጣባቸው ጦር ከእውነተኛው እጅግ የበዛ መስሏቸው፥ በየካቲት ወር ዳንግላንም እንጅባራንም ለቀው ሄዱ። ሰው በዓይኑ ያላየውን ነገር አብዝቶ እንደሚገምት ከዚህ እንረዳለን።

በአሜሪካ ኔቫዳ በረሃ ያለው «ኤሪያ 51»ም እንዲሁ ነው። ከ1947 ዓ. ም. ጀምሮ ዩ-2 የተባለው የስለላ አውሮፕላን በዚያ ይሞከር ነበር። በዘመኑ የመንገደኛ አውሮፕላን ከማይደርስበት፥ ከ60,000 ጫማ በላይ ስለሚበር፥ ያዩት ሰዎች ከሌላ ዓለም የመጣ መንኮራኩር ነው አሉ። የስለላው መሥሪያ ቤት የስፍራውን ታሪክ በሰነድ የገለጠው በ2005 ዓ. ም. ነው፤ በዚህም መካከል ወሬው ዓለምን ዞረ።

ይሁን እንጂ ጥርጣሬ ሁሉ ሐሰት አይደለም። በ2004 ዓ. ም. የአሜሪካ ሰው አልባ አውሮፕላኖች ከአርባ ምንጭ እንደሚነሡ በጋዜጣ ተገለጠ፤ የአሜሪካ አየር ኃይልም አመነ፤ ሥራው መቆሙ የተነገረው በ2008 ዓ. ም. ነው። እውነተኛ ሰፈር ዱካ አለውና፦ ቀለብ ይገባል፥ ነዳጅ ይመላለሳል፥ ደመወዝ ይከፈላል፥ ውሎ አድሮም ሰነድ ይወጣል። የፈጠራ ወሬ ግን ማስረጃ ሲጠየቅ፥ «ማስረጃው የጠፋው ስለ ደበቁት ነው» ብሎ ያልፋል።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል፤ ሳያጣራ የጠረጠረ ግን ንጹሑን ያስመነጥራል። በጥቅምት ወር 2011 ዓ. ም. በምዕራብ ጎጃም ለጤና ጥናት ወደ ትምህርት ቤት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች፥ ሕፃናትን ሊጎዱ መጡ በሚል ወሬ በተቆጣ ሕዝብ እጅ ተገደሉ። በእነርሱ ሥራ የተሰወረ ነገር አልነበረም፤ እንግዶች መሆናቸውና ይዘውት የመጡት ዕቃ አለመታወቁ ግን ለወሬው በቃው።

ስለዚህ የመንግሥት ሠራተኛ ሆይ፥ ድርሻህ ሁለት ነው፤ ሊነገር የማይገባውን መጠበቅና ሊነገር የሚገባውን ሳያዘገዩ መንገር። መሬት የሚለካ ወይም ደም የሚመረምር ባለሙያ ወደ ገጠር ከመሄዱ አስቀድሞ፥ ማን እንደሚመጣና ለምን ሥራ እንደሚመጣ በገበያ፥ በዕድርና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይነገር። ባላገሩ በ1933 ዓ. ም. እውነቱን ባወቀ ጊዜ ምሥጢር መጠበቅ እንደሚችል አሳይቷልና።