ሲገናኝ ሞተር የሚያጠፋ ሽቦ

ሳይክል ላይ የሚገጠም የቻይና ሞተር የገዛ ሰው ካርቶኑን ሲከፍት አብዛኛው ዕቃ የት እንደሚገባ ሳይነገረው ይገባዋል። ሞተሩ፣ የቤንዚን ጋኑ፣ ካርቡራተሩ፣ ካቴናው፣ የኋላ ጎማ ላይ የሚታሰረው ባለ ጥርሱ ብረት ሁሉም ቦታቸው በዓይን ይታወቃል። ግራ የሚያጋቡት ከሞተሩ ጎን የሚወጡት ሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው፤ ሰማያዊ፣ ጥቁር እና ነጭ። ከቀኝ እጀታው ላይ ካለው ቀይ ማጥፊያ ደግሞ ሌሎች ሁለት ሽቦዎች ይወርዳሉ። አምስቱ እንዴት እንደሚገናኙ ያስረዳል የተባለው ወረቀት እንግሊዝኛው የተወላገደ ነው፤ ይባስ ብሎ አንዳንዱ ማጥፊያው መያያዝ በሌለበት ሽቦ ላይ እንዲያያዝ ያዛል።

ይህ ሞተር በተለይ በአሜሪካ ጋራዣቸው ውስጥ መነካካት የሚወዱ ሰዎች መጫወቻ ነው። ባለ ሁለት ስትሮክ ስለሆነ ዘይቱ ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ ይሰጠዋል። ማስታወቂያው 80 ሲሲ ይበለው እንጂ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 47 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 38 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ሲሰላ 66 ሲሲ ገደማ ነው። ሻጭ መቼም ሻጭ ነው።

ሳይክል ላይ ሞተር መግጠም ራሱ የቆየ ነገር ነው። ሶይቺሮ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1946 ጃፓን ሐማማትሱ ውስጥ የጦር ሠራዊት የሬዲዮ ጀነሬተር ሞተሮችን ሰብስቦ ሳይክል ላይ እየገጠመ መሸጥ ጀመረ፤ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ትልቁ ኩባንያ የተነሣው ከዚያ ነው። ያኔም ሆነ አሁን ከእንዲህ ዓይነቱ ሳይክል ጋር የሚመጣው ጥያቄ ግን አንድ ነው። ሞተሩ ተነሥቷል፣ በምን ይቆማል?

ማጥፊያ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የመኪናን ቁልፍ ነው። ቁልፉ ሲመለስ ከባትሪ የሚመጣው መስመር ይቋረጣል፣ ካንዴላው እሳት ያጣል፣ መኪናው ይጠፋል። የሳይክሉ ሞተር ግን ባትሪ የለውም። ከክራንኩ ጋር የሚሽከረከር ማግኔት አለ፤ ማግኔቱ አጠገቡ በተቀመጠው የመዳብ ሽቦ ጥቅል በኩል ባለፈ ቁጥር ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ማግኔቱና ጥቅሉ አንድ ላይ ማግኔቶ ይባላሉ። ይህ ኤሌክትሪክ በሰማያዊው ሽቦ ወጥቶ ሲዲአይ ወደምትባለው ትንሽ ጥቁር ሣጥን ይገባል። ሣጥኗ አጠራቅማ ባንድ ጊዜ ትለቀዋለች፣ ኃይሉ ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ከፍ ብሎ ካንዴላው ጫፍ ላይ ይፈነጥቃል። ጥቁሩ ሽቦ መመለሻው ነው፤ ከሞተሩ ቦዲ ጋር የተያያዘ ነው።

እንግዲህ ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ኤሌክትሪኩን ራሱ ያመርታል፣ የሚዘጋ ባትሪ የለም። መፍትሔው ኤሌክትሪኩ ሣጥኗ ሳይደርስ ወደ መጣበት እንዲመለስ ማድረግ ነው። ማጥፊያው ሲጫን ሰማያዊውን ከጥቁሩ ጋር ያገናኛል። የመስኖ ውሃ አቋራጭ ቦይ ሲከፈትለት ማሳው ደርቆ እንደሚቀር፣ ሲዲአይዋ ባዶዋን ትቀራለች፣ ካንዴላው ይጨልማል።

አገር ቤት ያለ አንባቢ ይህ እንግዳ መስሎ ከታየው መብራት ሲጠፋ ሱቅ ደጃፍ ላይ የሚንጣጣውን ትንሹን የቤንዚን ጀነሬተር ይመልከት። የሱም ማጥፊያ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሽቦው ከማግኔቶው ተነሥቶ በማጥፊያው በኩል ከሞተሩ ቦዲ ጋር ይገናኛል። ዘይቱ ሲጎድል አልነሣም የሚለው ጀነሬተርም ምስጢሩ ይኸው ነው። ከሥር ያለው የዘይት መቆጣጠሪያ መስመሩን ራሱ ቦዲ ላይ ያሳርፈዋል። ባለቤቱ ገመዱን ሲጎትት ይውላል፣ ካንዴላ ይቀይራል፣ ካርቡራተር ያጥባል፤ የጎደለው ግን ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው።

ወደ ሳይክሉ ስንመለስ፣ አገጣጠሙ ከሐሳቡ ይልቅ ቀላል ነው። የሞተሩ ሰማያዊ ከሲዲአይዋ ሰማያዊ ጋር፣ ጥቁሩ ከጥቁሩ ጋር ይያያዛል። ከዚያ ከማጥፊያው ከሚወርዱት ሁለት ሽቦዎች አንዱ ሰማያዊዎቹ በተገናኙበት ላይ፣ ሌላው ጥቁሮቹ በተገናኙበት ላይ ይደረባል። የትኛው የት እንደሚሆን ለውጥ የለውም፤ የማጥፊያው ሽቦዎች ቀለምም ከካርቶን ካርቶን ስለሚለያይ በቀለም መጨነቅ ትርፉ ድካም ነው። አንዳንዱ ገጣሚ ሁለተኛውን ሽቦ ከሳይክሉ ብረት ጋር ያስረውና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። የሳይክል ብረት ግን ቀለም የተቀባ ነው፤ ንዝረት እንዲቀንስ ብሎ ከሞተሩ ሥር ጎማ ያነጠፈ ካለማ ከሞተሩ ጋር ያለው ግንኙነት ጭራሽ ሊቋረጥ ይችላል። ጥቁሩ ሽቦ እዚያው እያለ በብረቱ መዞር አያስፈልግም።

ከካርቶኑ ጋር የሚመጡት ትንንሽ መሰኪያዎች ደካሞች ናቸው። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ይላላሉ፣ ዝናብ ሲገባባቸው ይዝጋሉ። የሚሻለው ሽቦውን ልጦ ጠምዝዞ በስታኞ ማጣበቅ፣ ከላይ ሙቀት ሲነካው የሚሸበሸበውን የፕላስቲክ ቱቦ ማልበስ፣ ከዚያም ከሞተሩ ጭንቅላትና ከጭስ ማውጫው አርቆ ማሰር ነው። በዚህ መስመር የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ሞተሩ ሲጋልብ ከ100 ቮልት በላይ ሊደርስ ስለሚችል እየሠራ ሳለ በእጅ መንካት ደግ አይደለም። አንዴ ከነካኸው ሁለተኛ እንዳትነካው ያስተምራል።

ነጩስ? ነጩ ከዚያው ከጥቅሉ ለትንሽ መብራት ተብሎ የወጣ መስመር ነው። ወረቀቶቹ ማጥፊያውን ብዙ ጊዜ የሚልኩት ወደዚህ ነው። ነጩን ከቦዲ ጋር ማገናኘት ሞተሩን ያጠፋዋል፣ ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ብዙ የገጠሙና ብዙ ያቃጠሉ ሰዎች ጥቅሉን ይጎዳል ብለው አይመክሩትም። መብራት ለማብራት እንኳ የሚሰጠው ኃይል የሚረባ አይደለም፤ የሳይክል መብራት በራሱ ባትሪ ቢሠራ ይሻላል። ስለዚህ የነጩ ጫፍ ብረቱ እንዳይታይ በናስትሮ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። የተላጠው ጫፍ ሞተሩን ከነካ ሞተሩ ያለ ምክንያት የጠፋ ይመስላል፣ ባለቤቱም ካርቡራተሩን ሲፈታ ይውላል።

ሲገናኝ የሚያጠፋ መሆኑ ብልሽቱንም ይገለብጠዋል። የመኪና ቁልፍ ሽቦ ቢበጠስ መኪናው ይቆማል። የሳይክሉ ማጥፊያ ሽቦ ቢበጠስ ግን ሞተሩ ምንም አይሰማውም፤ እየሄደ ይቀጥላል፣ ጋላቢው የሚያውቀው ቀዩን ተጭኖ መልስ ሲያጣ ነው። በተቃራኒው ሽቦው መሪው ሲዞር እየታሸ ተልጦ ብረት ከነካ ሞተሩ ከነጭራሹ ላይነሣ ይችላል። ለዚህ ነው እሳት የጠፋበት ሞተር ላይ መጀመሪያ የሚደረገው ምርመራ ካንዴላ መፍታት ሳይሆን ማጥፊያውን ከመስመሩ መንቀል የሚሆነው። ተነቅሎ እሳት ከመጣ ጥፋቱ ተገኘ። ካልመጣ ሽቦዎቹ ከሲዲአይዋ ተላቅቀው በሰማያዊውና በጥቁሩ መካከል በቴስተር ይለካል፤ ደህና ጥቅል አብዛኛውን ጊዜ ከ300 እስከ 400 ኦም ያሳያል። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ጥቅሉ ተበጥሷል ማለት ነው።

ማጥፊያውን እንደ ሌባ መከላከያ የሚቆጥሩም አሉ። የሚጫነውን አውጥተው እንደ ግድግዳ ማብሪያ ባለበት የሚቆይ ይገጥማሉ፣ አንዳንዱም ቁልፍ ያለው ያደርገዋል። ሌባው ግን ነገሩ ከገባው ፒንሳ ይበቃዋል። ሽቦውን ቆርጦ ገፋ አድርጎ ይሄዳል፤ መቁረጡ ራሱ ነው ሞተሩን ለሥራ የሚያዘጋጅለት። ለዚህስ ጥሩ ሰንሰለት ይሻላል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ጠባይ አለው። ይህ ሞተር ማስነሻ የለውም፤ የሚነሣው ሳይክሉ በፔዳል ፍጥነት ካገኘ በኋላ ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ነው። ስለዚህ ጋላቢው ቀዩን ለአንድ አፍታ ተጭኖ ቢለቅና ፍሪሲዮኑን ባይዝ፣ ጎማው አሁንም ሞተሩን እያዞረው ነውና ሞተሩ እንደገና ይነሣል። ቤንዚን መስጫው ተይዞ አልመለስ ያለ ዕለት ይህን አለማወቅ ያስደነግጣል። ፍሪሲዮን ብቻውን ከተያዘ ደግሞ ሸክም ያጣው ሞተር ጮኾ ጮኾ ራሱን ይጎዳል። ትክክለኛው ማጥፊያውን መጫን፣ ወዲያው ፍሪሲዮኑን መያዝ፣ ሞተሩ ጸጥ እስኪል አለመልቀቅ ነው።

ማጥፊያው በትክክል ተገናኝቶም ሞተሩ የማይታዘዝበት ጊዜ አለ። በጣም የጋለ ሞተር ውስጥ የቀላ ካርቦን ያለ ካንዴላው እሳት ቤንዚኑን ሊያቀጣጥል ይችላል፤ ያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ጉዳይ አይደለም። ሁለቱንም ፍሬን ጨምድዶ ይዞ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ሞተሩን ያንቀዋል። የቤንዚኑን መዝጊያ መዝጋትም ይረዳል፤ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለው እስኪያልቅ ግን ጥቂት ይጠብቃል።

ማጥፊያ በሕግም የሚጠየቅበት ቦታ አለ። አሜሪካ ውስጥ የሞተር ብስክሌቶች የፌዴራል ደረጃ ከቁልፉ ሌላ በመሪው ቀኝ በኩል ተጨማሪ ማጥፊያ እንዲኖር ያዝዛል፤ የቀኝ አውራ ጣት እጀታውን ሳይለቅ የሚደርስበት ቦታ ነው። ለጀልባዎች ደግሞ ከሚያዝያ 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ26 ጫማ በታች የሆነ፣ ማጥፊያ የተገጠመለት ጀልባ የሚነዳ ሰው በፍጥነት ሲጓዝ ከሰውነቱ ወይም ከልብሱ ጋር የታሰረ ማጥፊያ እንዲጠቀም ሕግ ወጥቷል፤ ነጂው ሲወድቅ ገመዱ ይነቀላል፣ ሞተሩ ይጠፋል። ይህንኑ ገመድ ያለው ማጥፊያ ሳይክላቸው ላይ የሚገጥሙ አሉ፣ ደግ ሐሳብም ነው። ሲገዙ ግን ልብ ይበሉ። በገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ፤ አንዱ ገመዱ ሲነቀል መስመር ያቋርጣል፣ ሌላው ሲነቀል ያገናኛል። ለማግኔቶ ሞተር የሚሆነው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው የተገጠመለት ሳይክል ገመዱ እንደተሰካ አይነሣም፤ ሲነቀል ግን ይነሣል።

ሞተር የገጠማችሁ ሁሉ፣ መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት የኋላ ጎማውን ከመሬት አንሥታችሁ ሞተሩን አስነሡና ቀዩን ተጫኑት። መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ አዙራችሁ ደግማችሁ ሞክሩ። ከሁለቱ በአንዱ በኩል እንኳ ካልጠፋ ሽቦው የሆነ ቦታ ላይ እየተወጠረ ወይም እየተላቀቀ ነውና ሳታስተካክሉ አትውጡ።