የስድስት ወሩ መርፌ፦ የ28 ሺሕ ዶላር ዕቃ እንዴት በ40 ዶላር ይሸጣል?

የአንድ ዕቃ ዋጋ በአንዱ ገበያ 28,218 ዶላር፣ በሌላው 40 ዶላር ነው ሲባል ማንኛውም ነጋዴ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለመሆኑ ዕቃው አንድ ነው?» ብሎ ነው። ሌናካፓቪር የተባለውን የኤች.አይ.ቪ. መከላከያ መርፌ በተመለከተ መልሱ «አዎን፣ አንድ ነው» የሚል ይሆናል። ባለቤቱ የአሜሪካው ጊሊያድ ሳይንስስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጁን 2025 መርፌውን ለመከላከያነት እንዲሸጥ በአገሩ መንግሥት ሲፈቀድለት የቆረጠው ዋጋ ለአንድ ሰው በዓመት 28,218 ዶላር ነበር። ሦስት ወር ቆይቶ፣ በሴፕቴምበር 2025፣ ሔቴሮና ዶክተር ሬዲስ የተባሉት ሁለት የህንድ ኩባንያዎች ያንኑ መድኃኒት ከ2027 ጀምሮ በዓመት 40 ዶላር ለ120 አገሮች እንደሚያቀርቡ ተገለጸ። ኢትዮጵያም ከ120ዎቹ አንዷ ናት። ልዩነቱ ከ700 እጥፍ በላይ ነው።

ይህን ያህል ልዩነት በቡናም በወርቅም ገበያ ታይቶ አይታወቅም። ከየት እንደመጣ ለመረዳት ግን ከዋጋው በፊት ዕቃውን ማወቅ ያስፈልጋል።

መርፌው ክትባት አይደለም። ሰውነት ራሱን እንዲከላከል የሚያስተምር ሳይሆን፣ ቫይረሱ ቢገባ እንኳ ተራብቶ ሥር እንዳይሰድ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። ለዚሁ ተግባር በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ከተፈቀደ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። ኪኒኑ በትክክል ለሚወስደው ሰው ይሠራል። ችግሩ የሚወስደው ሰው ጋ ነው። ይረሳል፤ መንገድ ይወጣል፤ ቤት ውስጥ ብልቃጡ ቢታይበት ሰው ምን ይለኛል ብሎ ይደብቃል። በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ከ5,300 በላይ ልጃገረዶችና ወጣት ሴቶች የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2024 የታወቀው ሙከራ ይህንኑ በቁጥር አሳይቷል። መርፌውን ከወሰዱት 2,134 ሴቶች በቫይረሱ የተያዘች አንዲትም አልነበረችም። ትሩቫዳ የተባለው ኪኒን ከተሰጣቸው 1,068 ሴቶች 16ቱ፣ ዴስኮቪ የተባለው አዲሱ ኪኒን ከተሰጣቸው 2,136 ደግሞ 39ኙ ተይዘዋል። ኪኒኑ ጥራት ስላነሰው አይደለም፤ አብዛኞቹ በየቀኑ አልወሰዱትም። ሳይንስ የተባለው መጽሔት መርፌውን የ2024 ታላቅ የምርምር ግኝት ብሎ የሰየመው በዚህ ምክንያት ነው።

የአሠራሩ መነሻ የቫይረሱ ቅርፊት ነው። ኤች.አይ.ቪ. የዘር ቁሳቁሱን የሚይዘው አንድ ዓይነት ፕሮቲን ከአንድ ሺሕ ጊዜ በላይ ተገጣጥሞ በሚሠራው ካፕሲድ በተባለ ሾጣጣ ሽፋን ነው። በዩታ ዩኒቨርሲቲ ዌስሊ ሰንድኲስትና ባልደረቦቻቸው ይህን ሽፋን ለረጅም ዓመታት ሲያጠኑ፣ ግንቡ ትንሽ ከጠበቀም ትንሽ ከላላም ቫይረሱ ሥራውን መሥራት እንደሚሳነው ደረሱበት። ሌናካፓቪር በፕሮቲኖቹ መጋጠሚያ እየገባ ግንቡን ከልክ በላይ ያጠብቀዋል። ያረጀው ግንብ በጊዜው አይከፈትም፤ አዲሱም በወጉ አይገጣጠምም።

ለገበያው ወሳኝ የሆነው ግን ሌላ ጠባዩ ነው። መድኃኒቱ በውኃ የመሟሟት ፍላጎት የለውም። በውኃ የማይሟሟ ንጥረ ነገር ለመድኃኒት ቀማሚ ብዙውን ጊዜ ራስ ምታት ነው፤ ተውጦ ወደ ደም በቀላሉ አይገባምና። የኩባንያው ኬሚስቶች ጉድለቱን ለጥቅም አዋሉት። መድኃኒቱ ፖሊኤትሊን ግላይኮል ከተባለ ፈሳሽና ከውኃ ጋር ተደርጎ ሆድ ላይ ከቆዳ ሥር ይወጋል። ፈሳሹ ወደ አካባቢው ሥጋ ሲሰራጭ መድኃኒቱ እዚያው ረግቶ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ልክ እንደ ጎተራ እህል ጥቂት ጥቂት እያለ ለስድስት ወር ወደ ደም ይወርዳል። ጎተራው ማፍሰስ እስኪጀምር ጊዜ ስለሚወስድ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቀን ሁለት ሁለት ኪኒን ይዋጣል፤ ከዚያ በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ መመላለስ ነው። ሐሳቡ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በየጤና ኬላው የሚሰጠው የሦስት ወር የእርግዝና መከላከያ መርፌ የሚሠራው በዚሁ የጎተራ ዘዴ ነው።

ብልቃጡ ያስቆመው ሽያጭ

በዚህ መድኃኒት ታሪክ ውስጥ ለፋብሪካ ባለቤቶች ትልቁን ትምህርት የያዘው ክፍል ብዙም ያልተወራለት የብርጭቆው ጉዳይ ነው። በዲሴምበር 2021 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የመርፌው ሙከራዎች እንዲቆሙ አዘዘ። ሞለኪዩሉ ላይ የተገኘ እንከን አልነበረም። ጥርጣሬው በብልቃጡ ላይ ነበር። ብልቃጦቹ በመድኃኒት ኢንዱስትሪ ለብዙ አሥርተ ዓመታት አስተማማኝ ተብሎ ከተሠራበት ከቦሮሲሊኬት ብርጭቆ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ከዚህ ፈሳሽ ጋር ሲቆዩ በዓይን የማይታይ የብርጭቆ ብናኝ ሊፈጥሩ እንደሚችሉ ተሰግቶ ነው። በማርች 2022 የሽያጭ ማመልከቻውም በዚሁ ምክንያት ተመለሰ። ኩባንያው ብልቃጡን አሉሚኖሲሊኬት በተባለ ሌላ ብርጭቆ ለመተካት ያቀረበው ዕቅድ ተቀባይነት አግኝቶ እገዳው የተነሳው በሜይ 2022 ነበር። መድኃኒቱ ሌሎች መድኃኒቶች ለማይሠሩላቸው ሕሙማን ሕክምና የተፈቀደው ደግሞ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ነው።

ቢሊዮኖች ይገኙበታል ተብሎ የታሰበ ዕቃ ለወራት በጠርሙስ ምክንያት ቆመ ማለት ነው። «መድኃኒት ፋብሪካ እኮ ጥሬ ዕቃውን አስመጥቶ መሙላት ብቻ ነው» የሚሉ አንዳንድ ባለሀብቶች ይህን ቢያጤኑት አይከፋም። አገር ውስጥ የሚሠራው የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ከሌላ ዓይነት ብርጭቆ የሚወጣ በመሆኑ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ብልቃጡም፣ ክዳኑም፣ ሲሪንጁም የመድኃኒቱ አካል ሆነው ይመረመራሉ፤ አንዱን መለወጥ ፈቃድን እንደ አዲስ መጠየቅን ሊያስከትል ይችላል።

አንድ አይሱዙ የሚጭነው

ወደ ሂሳቡ እንመለስ። የአንድ ጊዜ መርፌ 927 ሚሊ ግራም መድኃኒት ይይዛል። በዓመት ሁለት ጊዜ ሲወጋ 1.85 ግራም ገደማ ይሆናል። የትሩቫዳ ኪኒን ግን በውስጡ 500 ሚሊ ግራም መድኃኒት ስለያዘ በየቀኑ ሲዋጥ በዓመት 182.5 ግራም ይደርሳል። በክብደት ሲመዘን መርፌው የኪኒኑን አንድ መቶኛ ያህል ብቻ ነው። ለሁለት ሚሊዮን ሰው የዓመት መርፌ የሚበቃው ጥሬ መድኃኒት 3.7 ቶን ገደማ ሲሆን፣ ብልቃጡና ማሸጊያው ሳይቆጠር አንድ ኤፍ.ኤስ.አር. አይሱዙ ይጭነዋል። ለዚያው ሕዝብ የኪኒኑ 365 ቶን ነው።

በአሜሪካው ዋጋ ሲሰላ አንዱ ግራም ከ15 ሺሕ ዶላር በላይ ያወጣል፤ ከወርቅ በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። በ40 ዶላሩ ዋጋ ግን ግራሙ 22 ዶላር እንኳ አይሞላም፤ ያውም ብልቃጡ፣ ሥራውና የፋብሪካው ትርፍ ተደምሮ። በሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ የአንድሪው ሂል የምርምር ቡድን በ2025 ባወጣው ስሌት ትዕዛዙ በሚሊዮኖች ከተቆጠረ ዋጋው በዓመት እስከ 25 ዶላር ሊወርድ እንደሚችል አመልክቷል። እንግዲያው 28 ሺሁ የማምረቻ ወጪ አይደለም። ኩባንያዎች የምርምር ወጪያችንንና ያልተሳኩ ሙከራዎቻችንን የምንመልሰው በዚህ ነው ይላሉ፤ እውነትነት አለው። ነገር ግን በፓተንት የተጠበቀ ዕቃ የሚሸጠው በወጪው ሳይሆን ገዢው መክፈል በሚችለው ልክ ነው፤ በአሜሪካ ከፋዩ ደግሞ በአብዛኛው ኢንሹራንስ ነው።

ታዲያ ጊሊያድ ለምን ለድሃው ገበያ ለቀቀ? በኦክቶበር 2024 ኩባንያው ለስድስት አምራቾች፣ ማለትም ለህንዶቹ ዶክተር ሬዲስ፣ ኤምኪዩርና ሔቴሮ፣ ለግብፁ ኤቫ ፋርማ፣ ለፓኪስታኑ ፌሮዝሰንስና ለማይላን፣ የፓተንት ክፍያ ሳይጠይቅ የማምረት ፈቃድ ሰጥቷል። ድሃው ገበያ በ28 ሺሕ ዶላር አንድ ብልቃጥ አይገዛም፤ ስለሆነም ኩባንያው በመልቀቁ ያጣው ሽያጭ የለም። በምትኩ የሕዝብ ውግዘትንና የፓተንት ሙግትን ያስቀራል። ጨዋታው አዲስ አይደለም። ይኸው ኩባንያ በ2014 ሶፎስቡቪር የተባለውን የጉበት መድኃኒት በአሜሪካ 84,000 ዶላር እየሸጠ ለህንድ አምራቾች ተመሳሳይ ፈቃድ ሰጥቶ ነበር። ከዚያም በፊት በ2001 የህንዱ ሲፕላ በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረውን የኤች.አይ.ቪ. ሕክምና በ350 ዶላር አቀርባለሁ ብሎ ገበያውን ገልብጦታል። ኢትዮጵያ በ2003 በክፍያ የጀመረችውን ሕክምና በ2005 በነፃ ለማድረግ የበቃችው ዋጋው ከተሰበረ በኋላ ነው።

ዋጋ የሚያዘው ግን በድንበር ነው። ፈቃዱ ከ120ዎቹ አገሮች ውጭ መሸጥን አይፈቅድም። ይህ አጥር ባይኖር በአየር ባየር ንግድ የተካነ ሰው በ20 ዶላር የገዛውን መርፌ በ14 ሺሕ ዶላር ገበያ ለማራገፍ ብዙ አያስብም ነበር። አጥሩ የሚያስቀይማቸውም አሉ። ብራዚል፣ ሜክሲኮ፣ አርጀንቲናና ፔሩ በሁለተኛው ሙከራ ሰዎቻቸው ተሳትፈው ሳለ ከዝርዝሩ ውጭ ሆነዋል።

40 ዶላሩም ከህንዶቹ ቸርነት የመጣ አይደለም። ለሔቴሮ የጌትስ ፋውንዴሽን፣ ለዶክተር ሬዲስ ደግሞ ዩኒትኤይድ፣ የክሊንተን የጤና ተቋምና የደቡብ አፍሪካው ዊትስ የምርምር ተቋም ከጀርባ ቆመውላቸዋል። በነጋዴ ቋንቋ ቀብድ ከፍለው፣ ፋብሪካው ያለ ሥጋት በብዛት እንዲያመርት አድርገዋል።

በአዲስ አበባ ማን ይገዛል፣ ማንስ ይሸጣል?

ጊሊያድ ምዝገባን ለማፋጠን ቅድሚያ ከሰጣቸው 18 አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ ትገኛለች። ይሁንና ለግል አስመጪዎችና ለጅምላ አከፋፋዮች ዜናው የሚመስለውን ያህል አያስደስትም። የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በአገሪቱ የሚገባው በፕሮግራም ግዢ ሲሆን፣ የሚያከፋፍለውም የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው። ሸቀጡ መርካቶ አይደርስም። ፈቃዱን ያገኙት ስድስቱ ብቻ በመሆናቸውም የቂሊንጦ ፓርክም ሆነ ሌላ የአገር ውስጥ ፋብሪካ አመርታለሁ ቢል በአሁኑ ውል መሠረት በር የለውም፤ ከአፍሪካ የገባችው ግብፅ ብቻ ናት።

ለአከፋፋዩ መሥሪያ ቤት ደግሞ መልካም የሚሆነው መርፌው ማቀዝቀዣ አለመፈለጉ ነው። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ በሆነ ሙቀት ከብርሃን ተከልሎ መቀመጥ ይችላል። ይህ ለአዲስ አበባ መጋዘን ቀላል ነው፤ ለሰመራና ለጋምቤላ ግን «የክፍል ሙቀት» የሚለው ቃል ሌላ ትርጉም አለው።

ትልቁ ጥያቄ ከፋዩ ማን ነው የሚለው ነው። ግሎባል ፈንድና የአሜሪካ መንግሥት በሦስት ዓመት ውስጥ ለሁለት ሚሊዮን ሰው ለማድረስ ያወጡት ዕቅድ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ብልቃጦች በኖቬምበር 2025 ኢስዋቲኒና ዛምቢያ ገብተዋል። ይኸው የአሜሪካ መንግሥት ግን በጃንዋሪ 2025 የውጭ እርዳታውን ለ90 ቀናት አግዶ የብዙ አገሮችን የጤና ፕሮግራም አናግቶ ነበር። ለጋሹ ፊቱን ቢያዞር ለ100 ሺሕ ኢትዮጵያውያን መርፌ በዓመት 4 ሚሊዮን ዶላር ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያው ዓመት የመነሻ ኪኒኑ ሲጨመርበት ወጪው ከፍ ይላል። ብር በጁላይ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ገንዘብ በብር ስንት እንደሚሆን የሚያውቀው የዕለቱ ምንዛሪ ብቻ ነው።

አቅርቦቱ መቆራረጡ ከገንዘብ ያለፈ መዘዝ አለው። መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ቀጣዩን መርፌ ያጣ ሰው ለወራት በደሙ ውስጥ እየሳሳ የሚሄድ መድኃኒት ይዞ ይቆያል፤ በዚያ መሐል ቫይረሱ ከያዘው፣ ቫይረሱ መድኃኒቱን መላመድ ይችላል። አንዴ የተወጋውን መልሶ ማውጣት አይቻልም።

የምርምሩ ቀጣይ እርምጃ መርፌውን በዓመት አንድ ጊዜ ማድረግ ነው። በ2025 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት በ40 ሰዎች ላይ ተሞክሮ፣ ጡንቻ ላይ የተወጋው መድኃኒት ከዓመት በላይ በደም ውስጥ በበቂ መጠን መቆየቱን አሳይቷል። ለአንድ ሰው የተሰጠው መጠን 5 ግራም ነበር። ከስድስት ወሩ መርፌ የዓመት መጠን ጋር ሲነጻጸር ጥሬ መድኃኒቱ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል፤ የጤና ጣቢያው ምልልስ ደግሞ በግማሽ ይቀንሳል። የህንዶቹ ፋብሪካዎች ለ40 ዶላሩ ዋጋ የገቡት ውል ግን የስድስት ወሩን መርፌ ብቻ የሚመለከት ነው።